ኦቦ ለሚና የጳጉሜ ላሞች

ኦቦ ለሚን ሳውቃቸው ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኮምፒውተር እችላለሁ ብዬ የተቀጠርኩበት ዓመት ነው። እችላለሁ ያልኩት መክፈትና መዝጋት ነበር፤ መዝጋቱንም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ መብራት እየጠፋ ያግዘኝ ነበር። በዚህ ዕውቀቴ ሱሉልታ ውስጥ አንድ የወተት ላም አርቢዎች ማኅበር "የመረጃ ባለሙያ" አድርጎ ቀጠረኝ። ማኅበሩ ደስ ብሎት ነው የቀጠረኝ፤ ከእኔ በፊት የነበረችው መክፈቱን ብቻ ነበር የምትችለው።

ባለፈው የካቲት ልጃቸው ሲፈን ከሰበታ ደወለችልኝ። "አባዬ ትናንት አረፈ፤ ቀብሩ ቡራዩ ነው" አለችኝ። ሄድኩ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ "ታታሪ፣ ሰው አክባሪና አንደበተ ለስላሳ ነበሩ" ተባለ። ታታሪነታቸውን አልክድም። አንደበተ ለስላሳ የሚለውን ስሰማ ግን አጠገቤ የቆመው የሱቅ ጎረቤታቸው ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም የሌላ ሰው ቀብር የመጣን መስሎን ነበር።

ኦቦ ለሚ የታይፕ አስተማሪ ነበሩ። ታይፕ የሚማር ሰው ሲጠፋ የጽሕፈት መኪኖቹን ሸጠው ቡራዩ ገበያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራዩና ፎቶ ኮፒ አስገቡ። ከፎቶ ኮፒው ጀርባ ተቀምጠው ራሳቸውን በራሳቸው ፕሮግራም መጻፍ አስተማሩ። የተማሩት የመጨረሻ ገጾቹ ከረገፉ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ሥራ ሲዘገይባቸው ምክንያት ነበራቸው፤ "የኔ መጽሐፍ መጨረሻ የለውም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚጨረስ አልተማርኩም" ይሉ ነበር።

የማኅበሩን ፕሮግራም የሠሩት እሳቸው ናቸው። ኢንተርኔት የለው፣ ምን የለው፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ ባለችው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ የሚኖር ፕሮግራም ነበር። የላሟ ስም፣ የባለቤቷ ስምና የተዳቀለችበት ቀን ይገባበታል፤ እሱ ደግሞ የምትወልድበትን ቀን አስልቶ ይነግረናል። ሐሙስ ሐሙስ ኦቦ ለሚ ከቡራዩ በአስኮ አድርገው፣ አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ቀይረው ሱሉልታ ይመጣሉ። ፌስታላቸው ውስጥ በክር የታሰረ መነጽር፣ የተማሪ ደብተርና ቆሎ አይጠፋም። ኮምፒውተር ፊት የሚበላ ሰው ሲያዩ ሌባ የያዙ ያህል ይጮሃሉ፤ ቆሏቸውን የሚቆረጥሙት ግን ኪቦርዱ ላይ ነበር። "ቆሎ ምግብ አይደለም" ይሉኛል። ኪቦርዱን ገልብጬ ባራገፍኩ ቁጥር የሚወርደው ገብስ ግን የአንድ ሰው ቁርስ ይወጣው ነበር።

የመጀመሪያው ሐሙስ ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት መልእክት ብቅ አለ። እኔም እንደ ሠለጠነ ሰው ሳላነበው "እሺ" የሚለውን ተጭኜ አጠፋሁት።

"ምን አለሽ?" አሉኝ።

"ኤረር ነው።"

"እሱን አየሁ። ምን አለሽ ነው የምልሽ።"

"አላነበብኩትም።"

"እሺ ያልሽው ግን አንቺ ነሽ?"

"ሁሌም እሺ ነው የምለው። እሺ ሲሉት ይጠፋል።"

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ምን እንደተባልሽ ሳትሰሚ እሺ የምትዪ ከሆነ ከአሁኑ ልምከርሽ። ባል እንዳታገቢ።"

ከዚያ ያንኑ ሥራ አስደገሙኝና መልእክቱ ተመልሶ ወጣ። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ፣ ከገጠር ከዘመድ የመጣ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። "ይሄ ምስኪን ሥራ ፈትቶ አይደለም የሚለፈልፈው፤ አንድ ቦታ አሞታል" አሉ። ያሳመምኩትም እኔ ነበርኩ። መዝገቡን መረጃ የምንጠይቅበት ጽሑፍ ኩዌሪ ይባላል፤ እኔ ደግሞ የወተቱን መጠን የጠየቅኩት የላሞቹን መዝገብ ሳይሆን የባለቤቶቹን ነበር።

"ከባለቤቶቹ ወተት ጠየቅሽ" አሉኝ። "ባለቤቶቹ አይታለቡም። ማኅበሩ እየሞከረ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እስካሁን አልተሳካም።"

አላስተምርም ባይ ነበሩ። "ደመወዜ ውስጥ አንቺን ማስተማር የለበትም" ይላሉ፤ ይህን ብለው ሁለት ሰዓት ያስተምሩኛል። ኩዌሪ እምቢ ሲለኝ መፍትሔያቸው አንድ ነበር። "ይሄን ብቻ፣ ያንን ብቻ አምጣ እያልሽ ያስገባሽበትን ሁኔታ ሁሉ አስወጪ። ቤቱን ባዶ አድርጊው። ባዶውን ከሠራ አንድ አንድ እንግዳ አስገቢ፤ የሚረብሸው ሲገባ ራሱ ይታወቃል።" ሁለተኛው ትምህርታቸው ደግሞ ይሄ ነው፤ "መጀመሪያ መልሱን የምታውቂውን ነገር ጠይቂው። እሱን ከዋሸሽ የማታውቂውንም ይዋሽሻል።"

አንድ ቀን የአንዲት ላም ስም በስህተት ገብቶ ላስተካክል ብዬ ትእዛዝ ጻፍኩ። የትኛዋ ላም እንደሆነች መግለጹን ረሳሁት። ምንም ኤረር አልወጣም፤ ፕሮግራሙ በትሕትና ፈጸመው። ዞር ብዬ ባይ የማኅበሩ ላሞች በሙሉ ስማቸው ወርቄ ሆኗል። ጥቁሯም ወርቄ፣ ቡላዋም ወርቄ፣ ወይፈኑም ወርቄ። እያለቀስኩ ደወልኩላቸው።

"እንኳን ደስ ያለሽ" አሉኝ። "አንድም ቄስ እንዲህ ያለ ክርስትና በአንድ ቀን አንስቶ አያውቅም።"

ሐሙስን ሳይጠብቁ በማግስቱ መጡና ፍላሽ ላይ ካስቀመጡት ቅጂ መለሱልኝ። ለሥራ አስኪያጁ አልተናገሩብኝም። ለእኔ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በስልክ "ወርቄ እንዴት ናት?" ማለት አልተዉም።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግርማ ሲስተሙን ከሚስቱ አስበልጦ ይወድ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ክፍል ያመጣቸውና "እዚህ ሁሉም ነገር በሲስተም ነው" ይላል። እንግዶቹ ስክሪኑን ያያሉ፣ እኔ ፈገግ እላለሁ፣ ፎቶ እንነሳለን። ድሮ የእንስሳት ሐኪም እየዞረ ላሞቹን በእጁ ዳስሶ ያረገዘችውን ካላረገዘችው ይለይ ነበር፤ ሲስተም ከመጣ በኋላ ይሄ ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ ቀረ። ደንቡ እንዲህ ነው። ላሟን ለአባሉ የሚሰጠው ማኅበሩ ነው። የመውለጃ ቀኗ አልፎ ሁለት ወር ሳትወልድ ከቆየች ባዶ ናት ተብላ ትወሰዳለች፣ ለበዓል ወደ ቄራ ትሄዳለች። አባሉም ከተራው መጨረሻ ይሰለፋል። የባዶዎቹን ዝርዝር ከኮምፒውተር የማወጣው እኔ ነበርኩ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ በጣም የሠለጠነ አሠራር።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ የገና ዝርዝር በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት አዴ ጫልቱ ቢሮዬ ገቡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቡሬ በምትባል አንዲት ላም አራት ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ቡሬ ዝርዝሩ ላይ አለች።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ። ቡሬ ባዶ ናት ያለው ማነው?"

"ሲስተሙ ነው፣ አዴ ጫልቱ።"

"መጥቶ አይቷታል?"

"እሱ አያይም።"

"ታዲያ ማን ነገረው?"

"እኔ ነኝ የማስገባለት።"

"አንቺስ አይተሻታል?"

"አላየኋትም።"

"ጥሩ" አሉና ሳልጋብዛቸው ተቀመጡ። "ሁለታችሁም አላያችኋትም ማለት ነው። እኔ ግን በየቀኑ አያታለሁ። ከተዳቀለች ወዲህ ኮርማ ፈልጋ አታውቅም።"

"መቼ ነው የተዳቀለችልዎት?"

"የሩፋኤል ማግስት። ልጆቼ በሩፋኤል ዝናብ ታጥበው ልብሳቸውን እንዳሰጣሁ ነው አዳቃዩ የመጣው።"

ሩፋኤል ጳጉሜ ሦስት ነው፤ ማግስቱ ጳጉሜ አራት። ስክሪኑን አየሁ። "እዚህ የሚለው ግን አምና ታኅሣሥ አሥራ ሦስት ነው" አልኳቸው፤ ደግሞ በኩራት።

"አምና ታኅሣሥ ቡሬ እናንተ በረት ነበረች። ለኔ የሰጣችሁኝ በሚያዝያ ነው። እኔ ሳላውቃት እኔ ቤት አረገዘች?"

መልሱን የማውቀውን ነገር ጠይቄው ሲዋሸኝ ያኔ ነው ያየሁት። ወደ ቡራዩ ደወልኩ።

ኦቦ ለሚ ከሰዓት በፊት ደረሱ። ለአዴ ጫልቱ ሰላምታ ሰጥተው፣ የሆነውን በኦሮምኛ አስነግረዋቸው፣ ቆሏቸውን ሳያወጡ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። የባዶ ላሞቹን ኩዌሪ ከፈቱና ሁኔታዎቹን አንድ አንድ እያሉ አስወጡ። ባዶውንም አስኬዱት። ያው ታኅሣሥ አሥራ ሦስት። "ጥያቄው ደህና ነው" አሉ። "መጀመሪያውኑ የተቀመጠው ነው የተበላሸው።" ከዚያ አዲስ ቅጽ ከፍተው "አስገቢ፤ ጳጉሜ አራት" አሉኝ።

ቀን የምናስገባው በቁጥር ነው። ቀኑ፣ ከዚያ ወሩ፤ መስከረም አንድ፣ ጥቅምት ሁለት እያልን ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ወር ትሆናለች። አራት፣ አሥራ ሦስት ብዬ አስገባሁ። ዐይናችን እያየ ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋወጡ። ዳታቤዙ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ነው፤ ፈረንጅ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። ስለዚህ ይቺ ልጅ ቀንና ወር አገላብጣ ነው የጻፈችው ብሎ፣ በራሱ ቸርነት አቃንቶ አሥራ ሦስተኛ ቀን፣ አራተኛ ወር አደረገው። አራተኛው ወራችን ታኅሣሥ ነው። ምንም መልእክት አልወጣም። ቀይ የለ፣ ድምፅ የለ።

"ኤረር የለም እኮ" አልኳቸው።

"እሱ ነው ኤረሩ" አሉ።

ኮዱን ከፈቱ። አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አጠገቡ "ለጊዜው" ተብሎ ተጽፏል።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"አንድ ደደብ" አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩና ነገሩኝ። ፕሮግራሙን ሲሠሩት ጳጉሜ እንደማታልፍ ያውቁ ነበር። ስለዚህ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲገባ የሚያስቆምና "ይህ ቀን አይታወቅም፣ ለሚን ጥሩ" የሚል መልእክት አስቀመጡ፤ በኋላ በደንብ ሊሠሩት። እኔ ሳልቀጠር፣ አንድ ጳጉሜ ላይ እንግዶች መጡ። መልእክቱ እንግዶቹ ፊት ወጣ። አቶ ግርማ ቀይ ሆነ። "ከምሳ ሳይመለሱ ያጥፉልኝ" አላቸው። እሳቸውም አንድ መስመር ጻፉና መልእክቱን ዝም አሰኙት። እንግዶቹ ከምሳ ተመለሱ፣ ሁሉም አማረ፣ ፎቶ ተነሱ። ኦቦ ለሚም መስመሩን ረሱት።

እኔን መልእክት ሳታነቢ እሺ አትበዪ ብለው ሲያሸማቅቁኝ ለከረሙት ሰውዬ የምለው ነገር ሞልቶኝ ነበር። ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

የአዳቃዩን የወረቀት ደብተር አስመጡ። ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ስለሆነች መልእክቱ ከጠፋ ወዲህ በነበሩት ሁለት ጳጉሜዎች የተዳቀሉት ሁለት ላሞች ነበሩ። አንዷ ቡሬ ናት። ሌላዋ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ሰው ላም። እሷ አምና ለገና ሄዳለች።

አምና የቄራ ሰዎች ሆዷ ውስጥ ጥጃ ተገኘ ብለው አውርተው ነበር አሉ። አቶ ግርማ ያኔ "የሉካንዳ ወሬ ነው" ብሎ ዘግቶታል።

ከሰዓት የእንስሳት ሐኪም ከጫንጮ አስመጥተን ቡሬን ዳሰሳት። ከሦስት ወር በላይ እርጉዝ። አዴ ጫልቱ "ይሄን ለማወቅ እስከ ጫንጮ መሄድ አያስፈልግም ነበር" ብለው ላማቸውን ይዘው ገቡ።

አቶ ግርማ ሁለታችንን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ።

"የቡሬን ቀን አስተካክሉና ነገሩ ይለቅ" አለ።

"የቶሎሳስ?" አሉ ኦቦ ለሚ።

"እሱ እኮ አልፏል፣ ኦቦ ለሚ። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። ሰው ከጠየቀ ቫይረስ ነው እንላለን።"

"ቫይረስ ምን አደረገህ?"

"እንግዲህ አይቀልዱብኝ። ሰው ሲስተሙን ማመን ካቆመ ማኅበሩ አለቀለት። እርስዎም ይታሰብዎት፤ ሥራዎ ነው።"

ኦቦ ለሚ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ያን ሳምንት ጳጉሜን እንደ ጳጉሜ የሚያስቀምጥ አሠራር ቀን ከቀን ተቀምጠው ሠሩ። ሥራው ሦስት ቀን ነበር የፈጀው። "ሦስት ቀን" አሉኝ ሲጨርሱ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤው ቢሮው ግቢ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጠ። አቶ ግርማ ስለ ማኅበሩ ስኬት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ፤ ስኬቱን ያየ ሰው ባይኖርም ሁሉም አጨበጨበ። "ሌላ ጉዳይ" ሲባል ኦቦ ለሚ ከኋላ ተነሡ። አባል አልነበሩም፤ የመናገር መብት የላቸውም። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ።

"የቡሬን ነገር ሰምታችኋል። ሲስተሙ አይደለም የተሳሳተው። እኔ ነኝ። ስህተት ሲያይ እንዲጮህ አድርጌ ሠርቼው ነበር። እንግዳ መጣ ተባለና አፉን ያዝኩት። የቶሎሳ ላምም ባዶ አልነበረችም።"

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ "እንግዲህ ማንን እንመን?" ሲሉ ጠየቁ።

"ላሟን" አሉ ኦቦ ለሚ። "ከዚያ ሐኪሙን። ጊዜ ከተረፈ እኔን።"

ሰው ሳቀ። አቶ ግርማ አልሳቀም። ጉባኤው ቡሬ እንድትቀር ወሰነ፤ ሐኪሙም መዞር እንዲጀምር ወሰነ። የኦቦ ቶሎሳ ጉዳይ ደግሞ "ወደፊት በትኩረት እንዲታይ" በቃለ ጉባኤ ተያዘ። እንዲህ በትኩረት የሚታይ ነገር ምን እንደሚሆን ማኅበር ውስጥ የኖረ ያውቀዋል።

ኦቦ ቶሎሳ ጉባኤው ላይ አልነበሩም፤ ላም ካጡ ወዲህ ስብሰባ መምጣት ትተዋል። ኦቦ ለሚ "ቤቱን ታውቂዋለሽ?" አሉኝ። ሄድን። ኦቦ ቶሎሳ ድርቆሽ ክምር ላይ ቆመው ከታች ሚስታቸው የሚያቀብሏቸውን እየረገጡ ነበር። ላም የላቸውም፤ ድርቆሹ የሚሸጥ ነው። ኦቦ ለሚ ከታች ቀና ብለው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሁሉንም ነገሯቸው። መስመሩንም፣ እንግዶቹንም፣ ምሳውንም ሳያስቀሩ።

ኦቦ ቶሎሳ መንሹን ክምሩ ላይ ሰኩት። "ባዶ የቀረችው ጨው አንሶባት መስሎኝ ነበር" አሉ።

"ጨው አላነሰባትም።"

"እሷም" አሉ ሚስታቸውን በአገጫቸው እያሳዩ፣ "ጨው አሳንሰህባት ነው ትለኛለች። ዓመት ሙሉ በዚህ ስንጣላ ነው የኖርነው።"

ሴትየዋ ያቀፉትን ድርቆሽ እንደያዙ ቆመዋል። ኦቦ ለሚ ወደሳቸው ዞረው "ጨው አላነሰባትም" ብለው ደገሙላቸው። ሴትየዋ ድርቆሹን መሬት ላይ አስቀመጡትና ወደ ቤት ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ መንሹን ነቅለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ግቡ አላሉንም፤ ሂዱም አላሉንም። ትንሽ ቆመን ተመለስን።

ታክሲ ውስጥ አንድ ቀልድ እንኳ አልወጣቸውም። አዲሱ ገበያ ስንደርስ ብቻ "ለጊዜው ብዬ ነው እኮ የጻፍኩት" አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ።

ማኅበሩ በወሩ በምስጋና ደብዳቤ አሰናበታቸው። ደብዳቤውን የታየብኩት እኔ ነኝ፤ "ላበረከቱት የማይተካ አስተዋጽኦ" ይላል። በማግስቱ ሌላ ሰው ተካባቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ ዓመት ሳይሞላ ወጣሁና ራሴ ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ፤ ዛሬ የምበላው በዚሁ ነው። ሥራ ሲጠምብኝ ቡራዩ እደውል ነበር። ሰላም ሳይሉኝ "አንብቢልኝ" ይሉኛል። አነባለሁ። "እንደገና፣ ቀስ ብለሽ" ይሉኛል። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ብዙ ጊዜ ስህተቴ ራሱ ይታየኛል፤ ይሄኔ "ታዲያ እኔን ምን አስደወለሽ" ብለው ስልኩን ይዘጉታል። ሂሳቡ የሚቆጥረው በእኔ ላይ ቢሆንም።

ስለ ኦቦ ቶሎሳ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንስተውልኝ አያውቁም። እኔም አላነሳሁባቸውም። ማኅበሩ ለኦቦ ቶሎሳ ሌላ ላም አልሰጣቸውም፤ ተራው ገና እንደሆነ ነው የሚነገራቸው።

የኦቦ ለሚ አርባ ካለፈ በኋላ ሲፈን ደወለችና የኦቦ ቶሎሳን ቤት ታሳይኛለሽ ወይ አለችኝ። ሰበታ ባሏ ጋ ጥቂት ላሞች አሏት። ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ መግቢያ ላይ ጠበቅኳት። በአይሱዙ አንዲት የደረሰች ጊደር ጭና መጣች። ኦቦ ቶሎሳ በር ላይ ስንደርስ ጊደሯን ራሷ አወረደቻትና የኦቦ ለሚ ልጅ መሆኗን ነገረቻቸው። ኦቦ ቶሎሳ "አባትሽ ነው ያዘዘሽ?" ብለው ጠየቋት። "አላዘዘኝም፤ ነግሮኝ ነበር" አለች። ገመዱን አስጨበጠቻቸው። ጊደሯ ጳጉሜ ሳይሆን ነሐሴ ላይ እንደተዳቀለች ነገረቻቸውና በመጣችበት መኪና ወደ ሰበታ ተመለሰች።